አምፖልና ጨለማዎቹ መብራቶች

የእህቴን ባል ፋብሪካው በሙሉ የሚያውቀው "አምፖል" በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ መላጣ ነው፣ ብዙም አላሰብኩበትም። ለቅሶ ቤት እንባ ወጥቶት አያውቅም። የተቃጠለ አምፖል ሲያይ ግን ፊቱ ይለዋወጣል። "ጨለማ መብራት ለባለሙያ ስድብ ነው" ይላል።

እኔ በምሠራበት የብረት ክፍል ዕቃ የሚያመላልሱት ሹፌር አልባ ጋሪዎች ናቸው። ድሮ ትእዛዝ የሚደርሳቸው በሬዲዮ ሞገድ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ብረትና ሞተር መሀል ግን ሞገዱ እየተረበሸ መንገድ ይጠፋቸዋል። አንዱማ ሽንት ቤት በር ላይ ተገትሮ አለቃችን ውስጥ እንዳለ ዘግቶበታል። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው መሐንዲስ ከውጭ ባመጣቻቸው ሠራተኞች ጣሪያው ላይ ጥቁር መስታወት ያላቸው መብራቶች አሰቀለች። ጋሪዎቹን የሚያናግሩት ኢንፍራሬድ በሚባል፣ የሰው ዓይን በማያየው ብርሃን ነው። ይህን በስብሰባ አስረድታናለች። አምፖል ግን "ወሬ ሽቦ አያገናኝም" ብሎ ስብሰባውን ትቶ መሰላሉ ላይ ቀረ።

እሑድ ለጥገና ብቻውን ገባና ቀና ሲል ጣሪያው በጨለማ መብራት ተሞልቷል። ደሙ ፈላ። ሁሉንም አውርዶ በቦታቸው ዓይን የሚያጠፉ ነጭ አምፖሎች ሰቀለ።

ሰኞ ክፍሉ እንደ ሠርግ ቤት በርቶ ጠበቀን፤ ጋሪዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። አለቃው "ይህን ያደረገ ዛሬውኑ ይባረራል" አለ። እህቴ ከሥራ ከወጣች ቆይታለች፤ ቤቱ የሚተዳደረው በእሱ ደመወዝ ብቻ ነው። ፈራሁ። ዝም በል ብዬ ጠቀስኩት፤ ዝምታን የት ያውቃታል።

"እኔ ነኝ" አለ ወደ ፊት ወጥቶ። "እንዲያውም ምስጋና ነበር የጠበቅኩት። ሁሉም የሞቱ ናቸው።"

መሐንዲሷ መብራቶቹ ወደ ተከመሩበት ሄደች። ከወረዱት አንዱን ሰክታ የስልኳን ካሜራ ደቀነችበት።

"ጋሼ፣ እስቲ በዚህ ይዩት።"

ስልኩ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ቦግ ብሏል። አምፖል ስልኩን አየ፣ መብራቱን በዓይኑ አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። ላቡ ከመላጣው ወደ አንገቱ ወረደ።

"እስከ ምሳ ጋሪዎቹ ካልሄዱ አንተ ትሄዳለህ" አለው አለቃው።

ያን ጠዋት መሰላል ላይ የተሯሯጠውን ያህል ዝንጀሮም አይሯሯጥ። እኔ እግሩ ሥር መሰላሉን ይዤ በሆዴ እለምናለሁ። እያንዳንዱን ሰቅሎ በስልክ ሳያየው አልወረደም። የምሳ ደወል ሊደወል ሲል የመጀመሪያው ጋሪ ተንቀሳቀሰ፤ ሽንት ቤቱንም በሰላም አለፈ።

ማታ ቤታቸው ሄጄ ለእህቴ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ተናደደች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ካሜራውን መላጣው ላይ ደቀነች።

"ምን እያረግሽ ነው?" አላት።

"በዓይን የማይታይ፣ የሚበራ ነገር ካለ ልይ ብዬ።" አየት አየት አደረገችና ስልኩን አስቀመጠች። "ይሄኛው አምፖልስ የእውነት ተቃጥሏል። ቢሆንም አላወርደውም።"