የአስማረ ጣት

ዛሬ ጤና ሠራተኛዋ የፖሊዮ ጠብታ የሰጠችውን የጎረቤቴን ልጅ ጣት በጥቁር ቀለም ስትቀባ፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ቡሬ ገጠር መለሰኝ። አባቴ ብራና የሚጽፉ መሪጌታ ነበሩ። ከታቢዎች መጡ ሲባል እናቴ የአባቴን የቀለም ቀንድ አወረደችና የታናሽ ወንድሜን የአስማረን ትንሽ ጣት ነከረችው። «ተከትቧል ብለው ያልፉታል። ጠብታው ምን እንዳለበት ማን ያውቃል!» አለች። እኔ ቀለሙ ራሱ መድኃኒት መስሎኝ «ለኔም ቀቢኝ» ብዬ አለቀስሁ። ሰዎቹም ጣቱን አይተው አለፉ። በዓመቱ አስማረን ትኩሳት ጣለው፤ እግሩ ሰለለ። እናቴ እስክትሞት «ቡዳ በልቶት ነው» እንዳለች ቀረች።

አሁን ደግሞ አማቴ ስለ ልጄ «ባለፈውም ጠብታውን ወስዳለች፤ በላይ በላዩ ይጎዳታል፣ ልጅቱን ደብቂያት» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ። ስለዚህ ጤና ሠራተኛዋን ጠየቅኋት።

«ደጋግማ ብትወስድ አይጎዳትም፣ እታለም። ይልቅ በሽታ የመከላከል አቅሟን ያጠነክርላታል።»

«ታዲያ እስካሁን ማን ነገረን? በድምፅ ማጉያ ‹ልጆቻችሁን አምጡ› ትላላችሁ እንጂ!»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አማቴ እያጉረመረሙ ሲወጡ፣ የልጄን አገጭ ይዤ አፏን ከፈትሁ።