የልብ ክፍሉን ወለል ስናስቆፍር

የልብ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ "ያለን ቦታ ይኸው ነው" አለኝ። የሆስፒታሉ የድሮ ልብስ ማጠቢያ ነበር፤ ግድግዳው ሻግቷል፣ ቧንቧው ዝጓል። እዚያ ውስጥ፣ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ልብ የሚታከምበት ክፍል እንድነድፍ ነው የጠራኝ። እኔ ባሕር ዳር ላይ መኖሪያ ቤትና ሆቴል ስነድፍ የኖርሁ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለ ክፍል በዓይኔም አይቼ አላውቅም።

ልለካ በሄድሁ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ አንድ ታንኳ ሠሪ አገኛለሁ። ሚስቱ እዚያው ሆስፒታል ተኝታለች። በልጅነቷ ሳይታከም የቀረ ቶንሲል የልቧን በር አጥብቦት፣ ትራስ ተደራርቦ ካልደገፋት መተንፈስ ያቅታታል። ክፍሉ ቢኖር ሐኪሙ በቱቦው ጫፍ ባለች ፊኛ ይከፍተው ነበር። አዲስ አበባ ወረፋ አስይዘውላታል፤ ተራው ግን አልደርስ አለ።

"እኅቴ፣ መቼ ያልቃል?" ይለኛል።

"እየሠራን ነው" እለዋለሁ።

እየሠራን ነበር፤ ግን አልሆነም። ማሽኑ በታካሚው ዙሪያ የሚዞር ትልቅ ክንድ አለው። ጣሪያው ሥር አግድም የሚያልፈው የኮንክሪት ቢም ደግሞ አያስዞረውም። ቢሙ እንዳይቆረጥ ፎቁን የተሸከመው እሱ ነው፤ ከላይ ሕፃናት ተኝተዋል። ያለኝ ምርጫ ወለሉን ዝቅ ማድረግ ብቻ ሆነና አስቆፈርሁ። ጉልበት ያህል ሳይወርዱ ውኃ ፈለቀ። ጣና ቅርባችን ነው። ሠራተኞቹ በባልዲ ይቀዳሉ፣ ጉድጓዱ መልሶ ይሞላል። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

ሐኪሙ መጥቶ ውኃውን አየ።

"ሌላ ክፍል ስጠኝ" አልሁት።

"ከየት ላምጣ? ሕመምተኛ ያልተኛበት ክፍል የለም።"

"የስብሰባ አዳራሹስ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ከአስተዳደሩ ጋር ብዙ ተጨቃጨቅን፤ አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ሳቀብን። በመጨረሻ አዳራሹን ፈቀዱልን። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ደረቅ ነው። ደስ ብሎኝ ንድፉን እንደገና ጀመርሁ።

በማግስቱ ጧት ታንኳ ሠሪው የሚስቱን ብርድ ልብስ ታቅፎ ደረጃው ላይ አገኘኝ።

"ሌሊት አረፈች" አለኝ። "ከዙሁር ሶላት በፊት እንቀብራታለን። ድካምሽን አይቻለሁ፣ አላህ ይስጥሽ።"

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "አላህ ያጽናህ" እንኳ ሳልለው ወረደ።

አዳራሹ ውስጥ ሐኪሙ ወንበሮቹን ሲያስወጣ ደረስሁ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ነገ ማፍረስ ይጀምራሉ" አለኝ። "ንድፉን ታደርሺልኛለሽ?"

"እሺ" አልሁትና እኔም ወንበር ማውጣት ጀመርሁ።