ጉድጓድ ሲኖር እጃቸውን እጫናለሁ

አባቴ ዓይነ ስውር ናቸው። በልጅነታቸው ለትምህርት ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መጥተው፣ እዚያው አስተማሪ ሆነው፣ እዚያው ጡረታ ወጡ። እናቴ ካረፈች ወዲህ መንገድ የምመራቸው እኔ ነኝ። ክንዴን ይይዛሉ፤ ደረጃ ሲኖር እጃቸውን ነካ አደርጋለሁ፣ ጉድጓድ ሲኖር ጫን አደርጋለሁ። ጫን ካልኩ ይቆማሉ። በገበያ መሀል እንኳ በዚህ ብቻ ተግባብተን ሳንነጋገር እንሄዳለን። ሌላ ሌላ ምክሬን ግን ሰምተውኝ አያውቁም።

የምነግራችሁ ከአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ በኋላ የሆነውን ነው። የመንገድ መዘጋቱና የጎማ ማቃጠሉ ጋብ ብሎ ነበር፤ የሰው መታሰር ግን አልቆመም። ከእኛ በታች ጋራዥ የነበረው ጎረቤታችን አንድ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ስለ መሬት ጠየቀ። በሳምንቱ መጥተው ወሰዱት። ሚስቱ ስንቅ ቋጥራ ወዴት እንደምትሄድ እንኳ የሚነግራት አጣች። ስለዚህ የቀበሌው ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ በምርጫ ሕጉ ማሻሻያ ላይ ሕዝብ ሊወያይ ስለሆነ አባትሽን ይዘሽ ነይ ሲለኝ ልቤ ድንግጥ አለ። አባባን ይወስዱብኛል፤ ከዚያ ውጭ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም።

እሳቸው ደግሞ ሰርግ የተጠሩ ይመስል ሸሚዝ አስተኮሱኝ። አይናገሩም አይደል ስላቸው፣ እንደ ሰው ተቀምጬ እሰማለሁ እንጂ ምን እናገራለሁ አሉኝ። አላመንኳቸውም። ዕድሜውን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲናገር የኖረ ሰው አዳራሽ ሲያገኝ ዝም አይልም።

በሩ ላይ የታጠቁ ልጆች ቆመው ነበር። ከመድረኩ ጎን ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚናገረውን ሁሉ ይቀርጻል። ለአባባ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ይቅረጻ፣ አሉ።

መድረክ ላይ የወጣው ሰው አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ አስረዳ። እስከ ዛሬ በአንድ ወረዳ ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ ያልፍ ነበር፤ ለተሸነፈው የተሰጠው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ አሁን ግን የተወሰነው ወንበር እንደየድምፁ መጠን ለሁሉም ይከፋፈል ይሆናል፣ እናንተ ምን ትላላችሁ ነው ነገሩ። ደህና ሐሳብ ይመስለኛል። ያን ቀን ግን ጆሮዬም ዓይኔም ከስልኩ ላይ አልነሳ ብሎኝ ነበር። የተነሳው ሁሉ አመስግኖ ተቀመጠ፤ አንድም ሰው ቅር ያለውን ነገር አልተናገረም።

ከዚያ አባባ እጃቸውን አወጡ። ድምፅ ማጉያው ሲመጣላቸው እኔም ክንዴን እንደያዙ አብሬያቸው ቆምኩ።

«እኔ በምስጢር መርጬ አላውቅም» ብለው ጀመሩ። «ወረቀቱ ላይ ምልክት የሚያደርግልኝ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። እሱን አምኜ ኖሬያለሁ፤ ቅሬታ የለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ባለፈው እዚህ ከተማ ልጆች ሲታፈሱ የመረጥነው ሰው የት ነበር? ቆጠራውን ብትለውጡት እሱ…»

ስልኩ ወደ እኛ ዞረ። ሳላስበው እጃቸውን ጫን አደረግኩት፤ ባለ በሌለ ኃይሌ። አባባ አቋረጡ። ልባቸው መለስ ያለ መሰለኝና ተንፈስ አልኩ።

«ይቅርታ» አሉ በማጉያው። «ልጄ እጄን ተጫነችኝ። በእኛ ቤት ይሄ ማለት ፊት ለፊትህ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። እንግዲህ እሷ ታያለች፣ እኔ አላይም። እዚህ ላይ ልቁም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። ጭብጨባው ከስልኩ የባሰ አስፈራኝ። ክንዴን ወደ ታች ሳብ ሳደርግ አባባ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ስንወጣ ታክሲ አልነበረም፤ በእግራችን ሄድን። ምን ነካዎት እያልኩ ስቆጣቸው ቆየሁና ዞር ብል ጥቁር ጃኬቱ ከኋላችን ይመጣል። ፈጠን አልኩ። ደግሜ ዞር አልኩ፤ እዚያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስዞር አባባ ከክንዴ አመለጡ። ክዳኑ የተነሳ የመንገድ ዳር ቦይ ነበር፤ አላየሁትም፣ እጃቸውንም አልተጫንኩም።

ሰውየው ሮጦ ከእኔ በፊት ደረሰ። «አይዞዎት አባባ፤ ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ ይበሉ» እያለ በብብታቸው ይዞ አወጣቸው። ከጭቃው ውስጥ ጫማቸውን ፈልጎ በመሀረቡ ጠረገላቸው። በአንድ በኩል እሱ በሌላ በኩል እኔ ደግፈን ወሰድናቸው። እግራቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፤ ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አልተነፈሰም። በራችን ላይ አባባ በኦሮምኛ ገለቶሚ ብለው አመስግነው መረቁት፣ እጅ ነስቶ ሄደ። እውነት ለመናገር አፈርኩ። የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለው፣ እኔ ግን ጅብ አድርጌው ነበር አልኩ በልቤ።

ውኃ አሙቄ እግራቸውን ሳጥብላቸው ያማቸዋል ብዬ ቀስ አልኩ።

«ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንታጠፍ ቀድሞ የታጠፈው እሱ ነው» አሉ። «ቤታችንን ነገርሽው?»

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ከዚያም በቅያሱ፣ ከዚያም በሩ ላይ፣ አንድም ቦታ ወዴት ነው ብሎ አልጠየቀንም።

«አልነገርኩትም።»

«እኔም አልነገርኩትም» አሉ። ከዚያ በዳበሳ እጄን ፈልገው አገኙትና ጫን አድርገው ያዙት።