ኮዱ የሚመጣበት ስልክ

ያን ክረምት ስልኩን ውሃ በላው። የምወደው ሰው ከወረታ ወደ ሐይቁ ወረድ ብላ በምትገኝ አንዲት ሩዝ አብቃይ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበር። እኔ ከተማው ውስጥ አስተምር ነበር። እሱ ከወሎ፣ እኔ ከደብረ ማርቆስ ነን፤ ሁለታችንንም ወረታ ያገናኘን ምደባ ነው። ወንዙ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ገበሬዎቹ በታንኳ ያሻግሩታል። አንድ ቀን ከታንኳው ሲወርድ ስልኩ ከደረት ኪሱ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ገባ። ቤቴ መጥቶ ሲያወራልኝ ሁለታችንም ሳቅን። የሚያስቅ ነገር ነበር የመሰለን።

በዚያው ሰሞን ውጭ አገር ስለ ሩዝ የሚያስተምር የማስተርስ ዕድል መኖሩን ሰማ። ለማመልከት ኢሜይል ያስፈልጋል። እኔ ኢሜይል ስከፍት ስምና የይለፍ ቃል በቂ ነበር፤ እሱ ሊከፍት ሲል ግን የኢሜይሉ ገጽ ስልክ ቁጥር ካልሰጡት አላሳልፍ ይላል። ቁጥሩን ሲሰጡት ኮድ ይልካል፤ ኮዱን ሲጽፉለት ያስገባል። እሱ ስልክ የለው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ።

አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሦስት ኮምፒውተር ያላት አንዲት ኢንተርኔት ቤት ነበረች። ባለቤቷ የይፋግ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ ቁመቷ መለል ያለ፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ስትስቅ ውጭ ድረስ የሚሰማ። ትምህርት ቤት ወጥቼ እሱን ፍለጋ ስሄድ ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው አገኘኋቸው። እሷ ቁጥር ትጠራለች፣ እሱ ይጽፋል።

«ሰባት።»

«ሰባት።»

«ዜሮ። ቶሎ በል፣ ጊዜው ያልፋል።»

ገጹ ተከፈተ። እሷ ትከሻውን መታ አደረገችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ።

«የሷን ቁጥር ሰጥታኝ ነው፤» አለኝ እየወጣን። «ባትኖር ዛሬም አልከፍትም ነበር።»

«እኔን አትጠብቅም ነበር?»

«አንቺ እኮ ክፍል ነሽ።»

እውነቱን ነው፤ ክፍል ነበርኩ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ እኔም እረሳው ነበር። ግን አላበቃም። ገጹ የማያውቀውን ኮምፒውተር ባየ ቁጥር እንደገና ኮድ ይጠይቃል። የሷ ኮምፒውተሮች ደግሞ ቫይረስ እየገባባቸው ውስጣቸው ያለው ሁሉ ስለሚደመሰስ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ናቸው። ስለዚህ በገበያ ቀን ከቀበሌው ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆመው እሷ ዘንድ ነው። እሷ ስልኳን አውጥታ ታነብለታለች፣ እሱ ይጽፋል፣ ከዚያ ወደኔ ይመጣል። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ሲመጣ እዚያ ምን ያህል እንደተቀመጠ አውቃለሁ።

ስልክ ገዛ። አዲስ ቁጥር አወጣ።

«እንግዲህ የኢሜይሉን ቁጥር ቀይረዋ፤» አልኩት።

«እቀይረዋለሁ። ምን አስቸኮለሽ?»

«የሰው ስልክ ላይ ምን ያደርጋል?»

«እሷ እኮ ሰው አይደለችም፤ ጎረቤት ናት፤» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ እሑድ እኔ ቤት ምሳ በልተን የጓደኛዬን ላፕቶፕ ይዞ ኢሜይሉን ሊያይ ተቀመጠ። ኮድ ጠየቀው። ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ ስለነበር የኔን አንስቶ እየተጫወተ፣ ቁልፉን እንኳ ሳያይ፣ የሷን ቁጥር ደወለ። እሷም ኮዱን ነገረችው። ስልኬን ሲመልስልኝ፣ «የኔን ቁጥር በቃልህ ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«ያንቺማ ስልኬ ውስጥ ተመዝግቧል፤» አለኝ።

ተነስቼ ሰሃኑን ማጠብ ጀመርኩ። የወደድኩት ሰው የሌላ ሴት ቁጥር በጣቱ ላይ አለ፤ የኔን ለማግኘት ስሜን መፈለግ አለበት። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለመምህራኑ ብነግር ይስቁብኛል። ለእናቴ ብነግር ኮድ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው።

በማግስቱ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«መምህርት፣ ኧረ ግቢ፤ ምነው ቆምሽ?»

«ስለሱ ቁጥር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ወዲያው ገባት። «እንዳትደብቂኝ፤ ተከፍተሻል አይደል?»

«ስልክሽ ላይ ለምን እንደቀረ ነው የምጠይቅሽ።»

«እኔ ያዝኩት እንዴ? ስልክ የሌለው ሁሉ ኮዱ የሚመጣለት በኔ ነው። ሾፌሩ አለ፣ የሩዝ ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አለ፣ ዲያቆኑም አሉ። ሌሊት እንኳ ስልኬ ይጮሃል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስላንቺ ሰው ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ቁም ነገረኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለኔ አልገጠመኝም።»

ልታረጋጋኝ እንደተናገረችው አውቃለሁ። ግን «ለኔ አልገጠመኝም» ያለችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። የሾፌሩንና የዲያቆኑን ነገር እዚያው ረሳሁት፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እጁን ይዤ ወሰድኩት። ቁጥሩን ለመቀየር ገጹ መጀመሪያ በቀድሞው ቁጥር ኮድ ላከ፤ እሷ ለመጨረሻ ጊዜ አነበበችለት። ቀጥሎ፣ ከሱ አዲስ ቁጥር ይልቅ የኔ ይግባ ስላልኩ፣ በኔ ስልክ ላከ። እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እሷ፣ «እሰይ፣ ተገላገልኩ፤» አለች። ፊቷን አየሁት፤ ከልቧ ይሁን አይሁን መለየት አልቻልኩም።

አሁን ዐርፋለሁ ብዬ ነበር። የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ኢሜይሉን በከፈተ ቁጥር ስልኬ ይነግረኛል። ማሳ ላይ ነኝ ባለኝ ሰዓት ኮድ ይመጣል። ማሳ ላይ ኮምፒውተር ከየት መጣ? ስደውልለት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ ነው፣ ወይም ሪፖርት ላክ ተብሎ ነው። ሁልጊዜ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። እኔ ግን ከሱ አንደበት በፊት ስልኬን ማመን ለመድኩ።

አንድ ቀን ለስልጠና አንበሳሜ እሄዳለሁ ብሎኝ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የአምስተኛ ክፍል ልጆች እያነበቡ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ኮድ ነው። ወዲያው ደግሞ ጥሪ መጣ። የሷ ቁጥር ነው። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ፤» አለ የሱ ድምፅ። «ስልኬ ጠፍቶብኝ ነው። ኮዱን ንገሪኝ።»

«አንበሳሜ አይደለህም?»

«ስልጠናው ቀረ። ንገሪኝ፣ ጊዜው ያልፋል።»

ከኋላው ሳቋ ይሰማኛል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ልጆቹን ለጎረቤት መምህር አደራ ብዬ ወጣሁ። መናኸሪያው ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም።

ስደርስ እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እሷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ተቀበሉኝ፤» አለኝ። ዓይኑ ዕንባ ሞልቶታል።

አቀፍኩት። ደስ አለኝ፤ በእውነት ደስ አለኝ። ነገር ግን በትከሻው በኩል ሳያት እሷም ታለቅስ ነበር። ወሬውን ከኔ ቀድማ ሰምታለች። የመጀመሪያውን «እንኳን ደስ ያለህ» ያለችው እሷ ናት። ኮዱ በኔ እጅ ሆኖ እንኳ የቀደመችኝ እሷ ናት። ያ ደግሞ ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ አንገበገበኝ።

ያን ዕለት ማታ እየሸኘኝ ፊቴን አይቶ፣ «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ከመሄድህ በፊት ሽማግሌ ላክ።»

«ልልክ ነው እኮ ያሰብኩት።»

«አስበህ አትሂድ። ልከህ ሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ደብረ ማርቆስ ሄዱ፤ አባቴም እሺ አሉ። እሱም ለትምህርቱ ሄደ። መድረሱን መጀመሪያ ያወቅሁት በደወለው ስልክ አይደለም፤ ስልኬ ላይ በመጣው ኮድ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ እዚያ ቁጥር አወጣና ኮዱ መምጣቱን አቆመ። «እዚህ ቀላል ነው ብዬ ነው፤» አለኝ። እኔም ተረድቼለታለሁ፤ ግን እዚያ ኮዱን አብሮት የሚያነብ ማን እንዳለ ብዙ ቀን አስቤአለሁ።

ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰና ተጋባን። በሠርጋችን ቀን እሷ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ መጥታ ስታስተናግድ ዋለች፤ የሱ እናት ወደዷት፣ እጇን ይዘው መረቋት። እኔ በሙሽራ ወንበሬ ላይ ሆኜ አያቸው ነበር።

በኋላ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት በእጁ ስልክ ሲይዝ ሥራዋ ቀዘቀዘ፤ ዕቃዋን ጭና ወደ ባሕር ዳር ሄደች። ስትጭን ባጃጁ ድረስ ኪቦርዶቹን ተሸክሜ አግዣታለሁ።

«አንቺ እኮ በጣም ትቀኛለሽ፤» አለችኝ፣ እንዲያው የአየር ነገር እንደምታወራ።

«እቀናለሁ፤» አልኳት።

«የምቀናበት ቢኖረኝ እኔም እቀና ነበር፤» ብላ ባጃጁ ላይ ወጣች።