ሰንጋ ነው የተባለው ዳማ

መቼም መጻፍ የኔ ነገር አይደለም፤ ፊደሉ ቢጣመም፣ ቃሉ ቢዘል ይቅርታ አድርጉልኝ። የባለጋሪውን ጎረቤታችንን ነገር ዝም ልበል ብል ግን አልሆነልኝም።

ሰውየውን ሁሉም «ጭምቱ» ይለዋል። ሲሰድቡት እንኳ አንገቱን ደፍቶ የጋሪውን ጎማ ይነፋል። ፈረሱ ዳማው ግን ጭምትነት የሚባል አልፈጠረበትም። ሲገዛው «የተኮላሸ ሰንጋ ነው» አሉት፤ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከታች ምንም የለም፤ አመነ። ዳማው ግን የጎረቤት ባዝራ ስትሸተው አጥር ጥሶ ይገባል።

«ገብስ አብዝተህለት ነው» አሉት። ገብሱን ቀነሰ። የዳማው ጎድን አገጠጠ፤ አጥሩ ግን እንደገና ወደቀ።

የባዝራዋ ባለቤት ወገቧን ይዛ መጣች።

«ስማ ወንድሜ፣ ሰንጋ እንዲህ አጥር ያፈርሳል?»

«ሰንጋ ነው እኮ እትዬ…»

«እሱን ለባዝራዬ ንገራት!»

ጋጣውን የሚያከራዩት ሽማግሌም ቁርጡን ነገሩት፤ «ፈረስህን አስታግስ፣ ያለዚያ ልቀቅ።» በሰፈሩ ሌላ ጋጣ የለም። ዳማውን መሸጥ ሊመጣ ነው።

የከብት ሐኪሟ መጣች። ዳበሰችው፣ ደሙንም ወስዳ አስመረመረች።

«ጋሼ፣ ያኮላሸው ሰው አንዱን ቆለጥ አውጥቶ ሌላውን ሲያጣው ትቶታል። ሳይወርድ ሆዱ ውስጥ ቀርቷል። ከውጭ ሰንጋ፣ ከውስጥ ድንጉላ ነው።»

«ሆድ ይፍጀው ማለት ይሄ ነው!» ብላ ሚስቱ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። በመድኃኒት አስተኝተው፣ ሆዱን ከፍተው እንደሚያወጡት ሲሰማ የዳማውን አንገት አቀፈ።

«ባይነቃስ?»

«አደጋ የለውም አልልዎትም። ግን ብዙ አስነስቻለሁ።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «እስኪበርድለት እታገሣለሁ፤ አጥሩ ግን ያንተ ነው» አሉ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጭምቱ የዳማውን ገመድ እያሻሸ ውጭ ተቀመጠ። ኋላ ሲጠሩት ዳማው ሣሩ ላይ ተዘርሯል። ያ ድምፁ የማይሰማ ሰውዬ ጮኸ፦

«ተነሣ እንጂ፣ አንተ ዱርዬ! ገብስህን እመልስልሃለሁ!»

መጀመሪያ ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ የፊት እግሮቹን ተከለ። ከዚያ እንደ ሰካራም እየተወላገደ ቆመ። ጭምቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተናፈጠ።

በማግስቱ ጠዋት ዳማው ባዝራዋን ገና ሲያያት አሽካካ።

«ኧረ ጉድ! ዛሬም?» አለች ባለቤቷ።

«ደሙ እስኪበርድ ሳምንታት ይፈልጋል ብላለች ሐኪሟ፣ እትዬ።»

«እስከዚያስ?»

ጭምቱ ለዳማው እፍኝ ገብስ ሰጠው፣ ቀስ አድርጋ እንድታንሸራሽረው ገመዱን ለሚስቱ አቀበለ፣ ከዚያ መዶሻና ምስማር ይዞ ወደ አጥሩ ሄደ። ባለባዝራዋም እያጉረመረመች ጣውላውን ያዘችለት።