ከመቐለ እስከ አላማጣ፣ ክፉ ዜና ስንለማመድ

ከመቐለ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ተነሣን። እህቴን ዶክተር ፍረወይኒን አዲስ አበባ ድረስ ልሸኛት ነው፤ ከዚያ እንግሊዝ አገር ሄዳ ትፈተናለች። ሌላ አገር የተማረ ሐኪም ይህን ፈተና ካላለፈ እዚያ አይሠራም። አንዴ ወድቃለች። ተዋናይ በሽተኛ መስሎ ይቀርባል፤ ካንሰር እንዳለበት ፊት ለፊት ነግሮ፣ እስኪረጋጋ ዝም ማለት ያስፈልጋል። እሷ ግን እንደ አገራችን ወግ፣ «ታላቅ ወንድም አለዎት? እሱ ይጠራልኝ» አለችው። ለሦስተኛ ጊዜ የመሞከር አቅም የለንም።

ኮረም ላይ ሻይ ጠጣን፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጠመዝማዛውን የግራካሕሱ ቁልቁለት ስንጀምር እህቴ፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ በሽተኛ ሁንልኝ» አለችኝ። እንግሊዝኛውን ታውቀዋለች፤ የከበዳት መንገሩ ነው። ስለዚህ በቤታችን ቋንቋ በአማርኛ ጀመረች። እናታችን ወሎዬ ናት። ለካ አውቶቡሱንም የሞላው ወሎዬ ነው።

«ውጤቱ ጥሩ አይደለም። ካንሰር ነው» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

መኪናው በሙሉ ወደኛ ዞረ። ከኋላችን የተቀመጡት የጨርቅ ነጋዴ፣ አቶ ሰይድ፣ ብድግ አሉ።

«አንቺ! ይኼ መንገድ ላይ ይነገራል? ዘመድ በሌለበት? ገደል አፋፍ ላይ?»

«ልምምድ ነው፤ ደህና ነኝ» አልኩ።

«አይዞህ፣ መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ይላል።»

አላማጣ ምሳ ስንበላ ሦስት ሰዎች ሒሳቤን «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያሉ ተጨቃጨቁ። ፊቴ ፓፓያ ተቆለለ። በላሁት፤ የበሰለ ነበር። አንዲት እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እህትህን እንዳትቀየማት፣ ልጅነት ነው» አሉኝ።

ፍረወይኒ ተሸንፋ የፈተናውን ነገር ለሁሉም አስረዳች። አቶ ሰይድ ወንበር ስበው ፊቷ ተቀመጡ።

«እንግዲያው ለኔ ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ልትቀጥል አፏን ስትከፍት የሰውየው ዐይን እንባ ሞላ።

«ወንድሜ ሳይነገረው ሞተ» አሉ። «ሁላችን እናውቃለን፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር።»

እህቴ ዝም አለች፣ ቆየች። ሹፌሩ እንኳ «ተሳፈሩ» አላለም። በመጨረሻ አቶ ሰይድ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «በቃ፣ አሁን ታልፊያለሽ» አሉ።

ደሴ አድረን በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተሰናብቻት ተመለስኩ።

መቐለ ከገባሁ ከሳምንታት በኋላ ደወለች፤ አልፋለች። ለእናታችን መንገሩ እኔ ላይ ወደቀ። አስቀመጥኳት።

«እማዬ፣ ፍረ አልፋለች። እዚያው ልትሠራ ነው።»

እናቴ ዝም አለች። ከጉዞው የተማርኩት ይኸው ነውና እኔም ዝም ብዬ አየኋት።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ። «መጀመሪያ ላልቅስበት። እልልታው አይቀርም።»