የእትዬ ስንጥቅ

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ቤቷን ግን በእጇ ታየዋለች። ከመኝታዋ ተነስታ ቀኝ እጇን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፤ ጭቃው ያበጠበት ጋ ስትደርስ ጓዳ ነው፣ ስንጥቁ ጋ ስትደርስ የሽንት ቤት መታጠፊያ። መሪ የሚባል ነገር አትወድም። «በገዛ ቤቴ እየተጎተትኩ ከምሄድ ሞቴን ይስጠኝ» ትላለች።

ልጇ ግንበኛ ነው። እሱ የለሰነው ግድግዳ ዝንብ ያንሸራትታል ይሉታል። የሚኖረው ግን በዚያው በወላጆቹ አሮጌ የጭቃ ቤት ነበር። ባልደረቦቹ «የግንበኛ ቤት ተሰንጥቆ!» እያሉ ሲስቁበት አንጀቱ ያርር ነበር። ሚስቱ ስታረግዝ ቆርጦ ተነሳ፤ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ሊቀጥል፣ የቀረውንም ሊያድስ። ሥራው እስኪያልቅ እትዬን እኔ ቤት ወሰድኳት። ስንጥቁ ማናችንንም ትዝ አላለንም።

ያለቀ ዕለት ይዣት መጣሁ። ወይ ጉድ! ቤቱ ሰፍቶ፣ ነጥቶ፣ ሌላ ሆኗል። ልጇ በር ላይ ቆሞ ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

«እማዬ፣ እስቲ ዳሰስ አድርጊው!»

እጇን አሳርፋ ጀመረች። ሄደች፣ ሄደች፤ ካዲሱ ክፍል በር ደርሳ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች። ጣቷ የሚይዘው እብጠትም ስንጥቅም አጥታ መሐል ላይ ቆመች።

«እንዴት ያምራል፣ ልጄ» አለች። ድምፅዋ ግን የሷ አልመስል አለኝ። ከዚያ አድርጋው የማታውቀውን፣ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«እስቲ ሽንት ቤት አድርሽኝ።»

«አንተ ጉደኛ!» ብዬ ልጁ ላይ ጮህኩበት። «ዓይኗን እኮ ነው የለሰንክባት!»

ክው ብሎ ቀረ።

እጇን ይዤ ስንመለስ፣ መሮና መዶሻውን አንስቶ ያንን መስታወት የመሰለ ግድግዳ ይቦረቡራል። ፀጉሩ በአቧራ ሸብቷል።

«ማነው ቤቴን የሚያፈርሰው?» አለች እትዬ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ስንጥቅሽን እየመለስኩልሽ ነው።»

በግራ እጇ እኔን እንደያዘች በቀኟ ዳበሰች፤ ጣቷ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

«ዝቅ አድርገው እንጂ! እኔ እንዳንተ ቀውላላ ነኝ?»

ዝቅ አድርጎ ቦረቦረላት። ደግማ ዳሰሰችውና ወደ እኔ ዞረች።

«በይ አሁን ልቀቂኝ» አለችኝ።